ውስጡን ለቄስ፦ አሮጌ የዓሣ ጀልባ ገዝተው ለማደስ ላሰቡ

አሮጌ ጀልባ ለማየት ስሄድ ከመኪናዬ የማትለይ አንዲት ዕቃ አለች፤ የፕላስቲክ ራስ ያላት ትንሽ መዶሻ። ሻጩ ስለ ሞተሩ ጉልበትና ባለፈው በጋ ስለያዘው ዓሣ ሲያወራልኝ፣ እኔ ወደ ኋላ ዞሬ ሞተሩ የተሰቀለበትን ግድግዳ ቀስ እያልኩ አንኳኳለሁ። ጤነኛ ከሆነ ድምፁ አጭርና ደረቅ ነው፤ የእንጨት በር እንደማንኳኳት። የበሰበሰ ከሆነ ግን እርጥብ ማዳበሪያ የመታሁ ያህል ድም፣ ድም ይላል። ሻጩ ይህን ድምፅ ከሰማ አብዛኛውን ጊዜ ወሬ ይቀይራል።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ብዙም አልርቅም። ከማውቃቸው ሐበሾች ውስጥ ዓሣ ማጥመድ የጀመሩት መጀመሪያ ድልድይ ላይ ቆመው ነበር፤ ቀጥሎ የሰው ጀልባ ላይ ተጋበዙ፤ ከዚያ በኋላማ ሌሊት ሌሊት የጀልባ ማስታወቂያ ማየት ሆነ። አዲስ ጀልባ ዋጋው ያስደነግጣል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠራ 18 ወይም 20 ጫማ (ከ5.5 እስከ 6 ሜትር) የፋይበርግላስ ጀልባ ግን ከነተጎታቹ በአሮጌ መኪና ዋጋ ይገኛል። እዚህ የማወራው ስለዚህ ዓይነቱ ጀልባ ነው፦ ፋይበርግላስ፣ ሞተሩ ከውጭ ኋላ ላይ የሚሰቀል፣ በመኪና የሚጎተት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከስሙ ተነሥቶ ነው። «ፋይበርግላስ አይደል እንዴ፣ ምኑ ይበሰብሳል?» ይላል። እውነት ነው፣ በሬዚን (ሲደርቅ ድንጋይ በሚሆን ሙጫ) ተነክሮ የደረቀ የመስታወት ክር አይበሰብስም። ነገር ግን ብቻውን ይለመጣል። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር የሚሸከመው የኋላ ግድግዳ፣ ትራንሰም የሚሉት፣ እንዳይለመጥ በሁለት የፋይበር ቆዳዎች መካከል ኮምፔንሳቶ ይገባበታል። ወለሉም እንዲሁ ነው። ከወለሉ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚሄዱት ወጋግራዎችም በብዙ አሮጌ ጀልባዎች ላይ በፋይበር የተጠቀለለ እንጨት ናቸው። ስለዚህ የሚገዙት ፋይበር የለበሰ የእንጨት ጀልባ ነው ማለት ይቻላል። ላዩ ታጥቦ፣ በሰም ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ ውስጡን ለቄስ።

እንጨቱ ውስጥ ውኃ የሚገባው አንድ ሰው በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ከሠራው ቀዳዳ ነው። ዓሣ የሚያሳየውን መሣሪያ ለማሰር ሁለት ብሎን ይመታል፤ ማሸጊያ ሳይቀባ ያጠብቀዋል፤ በቃ። ጠብታ በጠብታ ይገባል፤ ከሁለቱም በኩል በፋይበር ስለተዘጋ ግን መውጫ የለውም። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበትና አየር ይወዳል፣ ጨው አይወድም። ስለዚህ ጀልባውን የሚጎዳው የሚንሳፈፍበት የባሕር ውኃ ብቻ አይደለም። ጓሮ ውስጥ ሳይሸፈን አምስት ዓመት ዝናብ የጠጣ ጀልባ፣ በየሳምንቱ ባሕር ከሚወርድ ጀልባ የባሰ ሊሆን ይችላል። «ብዙም አልተነዳም» የሚል ማስታወቂያ ሳይ የምፈራው ለዚህ ነው።

ማንኳኳቱ መጀመሪያ ነው። ቀጥሎ ሞተሩን በከፊል አንሥተው የታችኛውን ጫፉን ይያዙና ወደ ላይና ወደ ታች ይወዝውዙት፤ አብሮዎት የመጣ ሰው ደግሞ ግድግዳውን ይመልከት። ግድግዳው አብሮ ከተነፈሰ ወይም ጥግ ጥጉ ላይ ያሉት ስንጥቆች ከተከፈቱ ነገሩ አልቋል። በሞተሩ ብሎኖች ሥር ቡናማ ውኃ ወርዶ የደረቀበት ምልክት ካለም እንጨቱ እያለቀሰ ነው። ወለሉን ጫማ አውልቀው በተረከዝዎ ይርገጡት፤ እንደ ፍራሽ የሚሰምጥ ቦታ ካለ ከሥሩ ያለው እንጨት አብሮ መሄዱን ይጠርጥሩ። ሻጩ ከፈቀደ ደግሞ ከውስጥ በኩል፣ ከታች፣ ትንሽ ቀዳዳ በስቶ የሚወጣውን ፍቅፋቂ ማየት ነው። ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ደህና። ጠቁሮ፣ ረጥቦ ከመጣ ግን ያንን ዋጋ አይክፈሉ። ቀዳዳውን በኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ጠንካራ ሙጫ) ደፍኖ መሄድ የእርስዎ ግዴታ ነው።

ስለ ፎሙም (አረፋ ስለሚመስለው ቀላል መሙያ) ላንሣ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ ከ20 ጫማ በታች የሆነ ጀልባ ውኃ ቢሞላም እንዳይሰምጥ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ከወለሉ ሥር ፎም ይሞላል። ነገሩን በዓለም ፊት ያስመሰከረው ቦስተን ዌለር ነው። የኩባንያው መሥራች ዲክ ፊሸር በ1961 ለመጽሔት ፎቶ ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ ጀልባዋን ለሁለት አስመጋዛትና ግማሿን እየነዳ ሄደ። ፎም አዲስ ሲሆን ውኃ አይጠጣም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን በወለሉ ሥር በተኛ ውኃ ውስጥ ከከረመ ይጠጣል። ሠላሳ ሴንቲሜትር በሠላሳ በሠላሳ የሆነ ፎም ሙሉ በሙሉ ውኃ ከያዘ 27 ኪሎ ይመዝናል። እንዲህ ያለ አሥር ቁራጭ ወለሉ ሥር ካለ አራት የማይታዩ ሰዎችን አሳፍረው እንደመሄድ ነው። ይህን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ጀልባውን የከባድ መኪና ሚዛን ላይ ማውጣት፣ ከዚያ የተጎታቹን፣ የሞተሩንና የነዳጁን ክብደት ቀንሶ (አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት አራተኛ ኪሎ ገደማ ነው) ፋብሪካው ከጻፈው ክብደት ጋር ማስተያየት ነው። ሻጩ ይስቅብዎታል። ይሳቅ።

ሞተሩ ዘንድ ሲደርሱ መጀመሪያ በእጅዎ ይንኩት። ሊያዩት እንደሚመጡ ሲደውሉ «ቀድመህ እንዳታስነሣው» ብለው ይንገሩት፤ ሞቆ ካገኙት አንድ የሚደበቅ ነገር አለ። አሮጌ ሞተር ሲሞቅ ሁሉም ይነሣል፤ ጉዱ የሚታየው ቀዝቅዞ ሳለ ነው። መሬት ላይ ሲያስነሡ የውኃ ቱቦ ሳይገጥሙ በፍጹም አይሁን። ውኃ የሚስበው ፖምፓ ውስጥ ያለችው ባለ ክንፍ ጎማ ደረቅ ከዞረች ወዲያው ትቃጠላለች። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ በቀጭኑ የሚረጭ ውኃ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ያጥፉት። ጎማዋ ራሷ ርካሽ ናት፤ በየአንድ በየሁለት ዓመቱ ትለወጣለች። ባለመለወጧ የሚሞተው ሞተር ነው ውዱ።

ከዚያ ካንዴላዎቹን አስፈትተው ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት) ይለኩ። በብዙ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ላይ 100፣ 110፣ 120 ፓውንድ በካሬ ኢንች ይታያል። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ እኩልነቱን ይዩ፦ ሦስቱ 115 ሆነው አንዱ 80 ከሆነ ያ ሲሊንደር ታሟል። በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚያልፍ ልዩነት ሲያዩ እንደ ሞተር አይግዙት፤ እንደ መለዋወጫ ካልሆነ። በመጨረሻ ከታች ያለችውን የማርሽ ዘይት ብሎን ትንሽ ይፍቱና የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ጣትዎ ላይ ይቀበሉ። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ የውኃ መከላከያ ጎማዎቹ አልቀዋል ማለት ነው። ይህ ሞተር እንደዚያው ክረምቱን ከቤት ውጭ ካሳለፈ፣ ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ቤቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ነዳጁ ሌላ ጣጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ማደያ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል (አልኮል) አለበት። ኢታኖል ውኃ ይስባል፤ መጠኑ ሲያልፍ ከቤንዚኑ ተለይቶ ከውኃው ጋር ወደ ታንኩ ወለል ይወርዳል። ሞተሩ ደግሞ የሚጠጣው ከታች ነው። ለዚህ ነው ዓመት የቆመ ጀልባ ላይ ያለን ነዳጅ ሳልጠይቅ የማስደፋው። 15 በመቶ ያለውን ርካሹን ቤንዚን ለጀልባ መጠቀም በሕግም የተከለከለ ነው። ከሁሉም በፊት ግን አፍንጫዎን ይመኑ፦ የጀልባውን ሆድ ከፍተው ሲያሸቱ የቤንዚን ሽታ ካለ ቁልፉን እንዳይነኩ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከታች ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። ከወለሉ ሥር የተቀበረ የአሉሚኒየም ታንክ በረጠበ ፎም ተከብቦ ከኖረ ይበሳል፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ ወለሉ ይቆረጣል።

ወረቀቱን በአጭሩ ልበል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ድርድር የለም። ከኅዳር (ኖቬምበር) 1972 ወዲህ የተሠራ ጀልባ ሁሉ በኋላ ግድግዳው ቀኝ በኩል፣ ከላይ፣ 12 ፊደልና ቁጥር የያዘ መለያ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት አምራቹን ይነግሩዎታል። ከ1984 ወዲህ በተሠሩት ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የሞዴሉ ዓመት ናቸው፤ የተደበቀ ሁለተኛ መለያም አላቸው። ያ ቁጥር በባለቤትነት ሰነዱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ተፍቆ ወይም ተቀብቶ ካገኙት «ሰላም ዋል» ብለው ይመለሱ። በሜሪላንድ ሰነዱን የሚያዛውረው የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከዋጋው 5 በመቶ ግብር ይከፍላሉ። ተጎታቹ ግን የራሱ ሰነድ አለው፤ እሱ የሚዛወረው በተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት ነው። ሁለት ዕቃ እየገዙ መሆንዎን አይርሱ። ጀልባው የባንክ ዕዳ እንዳለበትም ቀድመው ያጣሩ።

የምገዛበትን ወቅትም እመርጣለሁ። ግንቦት ላይ ሁሉም ሰው ባሕር ያምረዋል። ጥቅምት ላይ ግን ሻጩ የክረምት ማቆያ ኪራይና ሞተሩን ለብርድ የማዘጋጃ ወጪ ስለሚመጣበት ልቡ ይራራል።

አሁን ወደ እድሳቱ። እኔና ጓደኛዬ በዚያ ሁሉ ምክር ላይ ተቀምጠን የመጀመሪያዋን ጀልባችንን የገዛነው ሳናንኳኳ ነው። ቀለሟ አምሮ፣ ሞተሯ በአንድ ቁልፍ ተነሥታልን ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በሁለተኛው ወር የሞተሩን ብሎን ላጠብቅ ብል ብሎኑ ከነሮንዴላው ወደ ውስጥ ሰመጠ። ሞተሩን በጋራዥ ማንሻ አወረድነው፤ የውስጠኛውን ቆዳ ዙሪያውን አምስት ሴንቲሜትር ያህል ጠርዝ ትተን ቆረጥነው። ከዚያ እንጨቱን ለማውጣት መጋዝም መሮም አላስፈለገንም። በእጃችን ዛቅነው። ጥቁር፣ እርጥብ፣ የሦስተኛ ቡና አተላ ይመስል ነበር፤ ሽታው ግን እንደ ቡና አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነው። ያ ሁሉ ወጥቶ የውጪው ቆዳ ውስጡ እስኪነጣ ይፋቃል፤ ማራገቢያ ተደርጎለት በደንብ ይደርቃል። ችኮላ ያለበት ሰው እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው፤ እርጥብ ላይ የተለጠፈ ነገር ነገ ይነሣል። ከዚያ በካርቶን ልክ ይወሰዳል፤ የባሕር ኮምፔንሳቶ ይቆረጣል። እኛ ሁለት ባለ 19 ሚሊሜትር ሳንቃ አጣብቀን 38 ሚሊሜትር አደረግነው። የእንጨቱ ጠርዝ ውኃ እንደ ቧንቧ የሚስብበት ቦታ ስለሆነ ኤፖክሲ ሦስት ጊዜ ጠጥቶ እምቢ እስኪል ይቀባል። ለማጣበቂያው ኤፖክሲው ላይ የሲሊካ ዱቄት እየጨመሩ ማማሰል ነው፤ ውፍረቱ ገንፎ ሲመስል፣ ማንኪያው ላይ ሲቆም ይበቃል። ያንን በጥርሳም ማንጠፊያ አንጥፎ፣ ሳንቃውን አስገብቶ፣ በማጥበቂያ ብረት ዙሪያውን ማሰር። ማጣበቂያው በየጠርዙ ብቅ እስኪል ብቻ ያጥብቁ። ከዚያ በላይ ካጠበቁ ሙጫው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣና እንጨትና ፋይበር ደረቅ ለደረቅ ይቀራሉ።

ፖሊስተር ሬዚን ርካሽ ነው፤ ፋብሪካዎቹም ጀልባውን መጀመሪያ የሠሩት በአብዛኛው በእሱ ነው። ለአሮጌ ቆዳ ጥገና ግን ኤፖክሲ ይሻላል፤ የደረቀ ነገር ላይ አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው። አንዴ ኤፖክሲ ከቀቡ ደግሞ በላዩ ፖሊስተር በደንብ ስለማይይዝ ሐሳብዎን መሃል ላይ አይቀይሩ። ሁለቱን ፈሳሽ በልኩ ይቀላቅሉ፤ «ቶሎ እንዲደርቅ» ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር የሚባል ነገር የለም፤ ሳይደርቅ እንደ ማስቲካ ይቀራል። ብዙ ቀላቅለው ጥልቅ ኩባያ ውስጥ ካቆዩት ራሱን በራሱ አሙቆ ያጨሳል። እኔ ላይ ደርሷል፤ ኩባያው እጄ ላይ ቀለጠ። አሁን ሰፊና ዝርግ ሳህን ላይ እየገለበጥኩ ነው የምሠራው። ብርዱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ኤፖክሲ አይደርቅም።

የቆረጡትን ቆዳ ሲመልሱ ጠርዞቹ ዝም ብለው ጫፍ ለጫፍ አይገጠሙም። ሁለቱም ወገን ተዳፋት ተደርጎ ይሞረዳል፦ ቆዳው 5 ሚሊሜትር ቢወፍር ተዳፋቱ 60 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ አንድ ለአሥራ ሁለት። አዲሱ ጨርቅ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከዚህ ስፋት ነው። ይህን ሲሞርዱ የሚነሣው የመስታወት ብናኝ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም፤ የጨርቅ ጭምብል አይበቃም፣ ማጣሪያ ያለው ይግዙ። ጓንትም እንዲሁ፤ ኤፖክሲ ቆዳን ካስቆጣ የዕድሜ ልክ አለርጂ ሊያተርፍልዎ ይችላል።

የሠፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ላከልን፤ ጀልባ በመኪና ማቆሚያ ላይ ማቆም ክልክል ነው። ደንቡን ሳናነብ ነው የገባንበት። ጀልባ ከመግዛትዎ በፊት የት እንደሚያቆሙት ይወቁ።

አዲሱን ግድግዳ ከሠሩ በኋላ ለሞተሩ ብሎን በቀጥታ አይብሱ። ሰፋ አድርገው ይበሱት፤ ቀዳዳውን በዚያው ገንፎ ኤፖክሲ ይድፈኑት፤ ሲደርቅ መሃሉን በብሎኑ ልክ ይብሱት። ብሎኑ እንግዲህ የሚነካው ኤፖክሲ ብቻ ነው፤ ማሸጊያው አንድ ቀን ቢላቀቅ እንኳ ውኃው እንጨቱን አያገኘውም። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ድሮ የዓሣ መሣሪያውን ያሰረው ሰው ይህን ቢያደርግ ኖሮ እኔና ጓደኛዬ ያን በጋ ዓሣ እያጠመድን እናሳልፈው ነበር። ማሸጊያውም የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አይሁን፤ ለባሕር የተሠራውን ይግዙ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። የኤሌክትሪክ ሽቦው በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ይሁን፤ የቤት ሽቦ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ያልቃል። ከባትሪው የሚወጣው ዋና ሽቦ 18 ሴንቲሜትር ሳይሄድ ፊውዝ ይግባለት። ከሞተሩ ጋር የሚታሰረው ለዝገት የሚሠዋ ብረት በውኃው ዓይነት ይመረጣል፦ ለጨዋማ ዚንክ፣ ጨው ለሌለው ውኃ ማግኒዚየም፤ እንደ ቼሳፒክ ለተደባለቀው አሉሚኒየም። የተጎታቹን ጎማ በጥርሱ አይመዝኑት፤ ጎኑ ላይ ካሉት ፊደላት በኋላ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ፦ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ኩሽኔታዎቹን ፈትተው በአዲስ ግራሶ ይሙሉ፤ በሀይዌይ ሲጋል የመጣ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃ ይስባልና። ከሐምሌ (ጁላይ) 1 ቀን 1972 ጀምሮ የተወለደ ሰው በሜሪላንድ ውኃ ላይ ጀልባ ለመንዳት የደኅንነት ትምህርት የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ ከ21 ጫማ በታች በሆነ ጀልባ ላይ ሲሄዱ የሕይወት ጃኬት መልበስ ግዴታቸው ነው።

ገንዘቡስ? ጀልባዋን በ2,800 ዶላር ገዛናት፤ እስክትወርድ ድረስ ከዚያ የሚበልጥ ወጣባት፤ ዛሬ ብንሸጣት የሁለቱን ድምር አናገኝም። እያሳሳቀ የሚወስድ ነገር ነው። ግድግዳው ብቻ የሄደበትንና ሞተሩ ጤነኛ የሆነውን ጀልባ፣ ጊዜና ቦታ ላለው ሰው ግዛ እለዋለሁ። ግድግዳውም፣ ወጋግራውም፣ ታንኩም በአንድ ላይ ከሄዱ ግን በነፃ ቢሰጡዎትም ይቅርብዎ።

ጣና ላይ ደንገል የሚያስሩ ሰዎች በታንኳቸው ሠርተው ሲጨርሱ ከውኃ አውጥተው ያቆሙታል፤ የጠጣውን ውኃ እንዲያንጠባጥብና እንዲደርቅ። ካልደረቀ ከብዶ፣ በስብሶ ያልቃል። እኔም አሁን ጀልባዋን ስመልሳት የተጎታቹን አፍንጫ በግንድ ከፍ አድርጌ፣ ከኋላ ከታች ያለችውን የማፍሰሻ ታፖ አውጥቼ፣ ሸራ አልብሻት ነው የምገባው። ዝናቡ ቢያገኛት እንኳ በዚያች ቀዳዳ ወርዶ ይሄዳል።

የታፖዋ ነገር ግን ሌላ ጣጣ አለው። ጥገናው ባለቀ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ መውረጃው ላይ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ፣ ጀልባዋን ወደ ውኃው ገፋናት። ተንሳፈፈች። ጓደኛዬ እልል ሊል አፉን ሲከፍት «እግሬ ረጠበ» አለ። ታፖዋ የቤቴ መስኮት ላይ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመኪናዬ ቁልፍ ጋር ነው የማስራት።